ዋሴ ደቦ የጠራ ዕለት

[ግንቦት ሊያልቅ ነው። መንግሥት ገበሬውን ከየተራራው አውርዶ ሜዳ ላይ በረድፍ የሚያሰፍርበት፣ መንደር ምሥረታ የተባለው ዘመን ነው። ቦታው ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ የሊማሊሞን አፋፍ የሚያይ የገሠሠ ቤት ደጃፍ። ገሠሠ ሽማግሌ ገበሬ ነው፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። ዋሴ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው፤ ካኪ ኮቱን ቆልፎ በሩ ፊት ለፊት ይንጎራደዳል። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።]

ገሠሠ፦ ድመቷ አትሄድም።

ዋሴ፦ ትሄዳለች፣ አያ ገሠሠ። ሰው ከሄደ ድመት ብቻዋን ምን ልትሠራ ትቀራለች?

ገሠሠ፦ ውሻ ሰው ይከተላል። ድመት የምታውቀው ቤት ነው። ይኸን የሰማሁት አይደለም፤ በልጅነቴ ያየሁት ነው። ጣሊያን መንደራችንን ያቃጠለ ጊዜ እናቴ እኔንና እህቴን አበባን ይዛ ከአፋፉ ሥር ዋሻ ገባች። ክረምቱን እዚያ ነው የከረምን። ከላይ ውኃው ይንጠባጠባል፣ ከታች ድንጋዩ ይበርዳል። ውሻችን ተከትሎን መጥቶ ከእኛ ጋር ተራበ። ድመቷ ግን አመዱ ላይ ቀረች። ጥቅምት ላይ ስንመለስ አመዱ ላይ ተቀምጣ አገኘናት፤ የት ከረማችሁ የምትል ነው የምትመስለው። አበባ አልተመለሰችም። ብርዱ ወሰዳት።

ዋሴ፦ ነፍስ ይማር። እሱ ግን የፋሽስት ጊዜ ነው። አሁን የእድገት ጊዜ ነው። ደግሞም በፕላኑ ላይ ድመት የለችም። ሰው አለ፣ በሬ አለ፣ በግ አለ፣ ሽንት ቤት አለ።

ገሠሠ፦ አይጥስ?

ዋሴ፦ አይጥ የለም።

ገሠሠ፦ እንግዲያ አይጥ ፕላኑን ሳያይ የመጣ እንደሆነ ምን ልታደርጉ ነው?

ዋሴ፦ የሚያስፈልገው ሁሉ ከክፍለ ሀገር ይላካል ተብሏል።

ገሠሠ፦ ድመትም?

ዋሴ፦ አያ ገሠሠ፣ ነገሩ ስላልገባዎት ነው። እኔ ደባርቅ ኮርስ ተቀምጬበታለሁ። ሜዳው ላይ ወፍጮ ይተከላል። ቧንቧ ይመጣል። ክሊኒክ ይሠራል። መብራት ይገባል።

ገሠሠ፦ ለምን እዚህ አይመጣም? ሰዉ ያለው እዚህ ነው። ሜዳው ላይ ያለው ሣርና እንቁራሪት ነው።

ዋሴ፦ ልማት ዳገት አይወጣም። ይኸ በስብሰባ የተነገረ ነው።

ገሠሠ፦ ከዚህ ተቀምጬ ሊማሊሞን አያለሁ። ነዳጅ የጫነ ቦቴ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ እያቃሰተ ይወጣዋል። ልማት ከቦቴ ይከብዳል?

ዋሴ፦ የሚከብድ አይደለም። ሥርዓት ነው። ሰው ተበታትኖ ሲኖር መንግሥት አያየውም። በረድፍ ሲሰፍር ግን ከመኪና ሳይወርዱ በመስኮት ይቆጠራል።

ገሠሠ፦ ከተቆጠረ በኋላስ?

ዋሴ፦ ከተቆጠረ በኋላ ይለማል።

ገሠሠ፦ በጎቼን ጠዋት ማታ እቆጥራለሁ። በመቆጠር የወፈረ እስካሁን አላየሁም።

ዋሴ፦ ይኸው ነው የእርስዎ ችግር። የተሠራውን አያዩም። የማኅበሩን ሱቅ አልሠራንም?

ገሠሠ፦ ሠርተናል። ድንጋዩን ተሸክሜአለሁ። ሳሙና ልገዛ ሄጄ ውስጥ ያገኘሁት ባለሱቁን ብቻ ነው። እሱም የሚሸጥ አልነበረም።

ዋሴ፦ እርከኑስ?

ገሠሠ፦ እሱንም ቆፍሬአለሁ። ለጎብኝ እንዲያምር በገመድ ልክ ቀጥ አድርጉት አላችሁ፤ ቀጥ አደረግነው። ክረምት ሲገባ ውኃው ገመዱን አላየም፤ ተራምዶት ወረደ። ፊደሉን ግን አልክድም። በዚህ ዕድሜዬ በመሠረተ ትምህርት ተቀምጬ ሀ ብዬ ስሜን ጽፌአለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ራሴ እየታገልኩ ለመድኩት። መንግሥት ከሰጠኝ ነገር ዝናብ ያልወሰደው እሱ ነው።

ዋሴ፦ እንግዲያ የሚያነቡ ሰው ከሆኑ ንቃት አለዎት ማለት ነው። ዛሬ ከጎንደር የክፍለ ሀገር ጎብኝዎች ይመጣሉ። ትናንት ዳባት አድረዋል። እነሱ ሲደርሱ ቢያንስ አንድ ቤት ሲፈርስና ሲጋዝ መታየት አለበት። ሌላው ሁሉ ከመከር በኋላ እያለ አምልጦኛል።

ገሠሠ፦ እኔም ከመከር በኋላ ብዬህ ነበር።

ዋሴ፦ እርስዎ መጀመሪያ ጨርሶ አልሄድም አሉ። በስብሰባ መካከል ተነሥተው ነው ያሉት። ስለዚህ ከእርስዎ መጀመር አለብን። ግትሩ ሲወርድ ሌላው ይከተላል።

ገሠሠ፦ አልሄድም ያልኩበትንም ነገርኩህ። ይኸ ምሰሶ ጥድ ነው። ከዋሻው ስንወጣ አባቴ ከሊማሊሞ ሥር ቆርጦ፣ ከሞት የተረፈው ጎረቤት በደቦ ተሸክሞ ዳገቱን አወጣለት። ሜዳው ደግሞ በክረምት በሬ ያሰምጣል። ሰኔ ላይ ጣራዬን አንሥተህ እዚያ ብትጥለኝ ዋሻው ይሻለኛል።

ዋሴ፦ ሜዳው ረጠበ ማለት ውኃ ቅርብ ነው ማለት ነው።

ገሠሠ፦ እውነት ነው። ቧንቧውም አያስፈልገን። ሐምሌ ላይ ከመደባችን ሥር እንቀዳለን።

ዋሴ፦ ይቀልዱ፤ ግድ የለም። ማምሻውን ሲሰፍሩ ያመሰግኑኛል።

ገሠሠ፦ የአንተ ቤትስ? እሱ ሜዳ አይወርድም?

ዋሴ፦ የእኔ ከፕላኑ ውጪ ነው። የሊቀ መንበር መኖሪያ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ነው። ጽሕፈት ቤት አይፈርስም። መመሪያው ግልጽ ነው፤ ሊቀ መንበሩ የሚያድርበት ሁሉ ጽሕፈት ቤት ነው።

ገሠሠ፦ መንገድ ላይ ብታድርስ?

ዋሴ፦ መንገዱ ጽሕፈት ቤት ይሆናል።

ገሠሠ፦ [ገመዱን አቁሞ] ይኸ ጥሩ መመሪያ ነው።

ዋሴ፦ እኔ ነኝ ያስወሰንኩት።

[ዋሴ ወደ ታች ይመለከታል። ቁልቁል ባለው የባሕር ዛፍ ዳርቻ ወዲያ የእሱ ቤት አለ፤ ዛፉ ስለሚጋርደው ከዚህ አይታይም።]

ገሠሠ፦ ሰው ትጠብቃለህ?

ዋሴ፦ ደቦውን ነዋ። ብልሃቴን ልንገርዎ፤ አሁን ቢያውቁትም አያመልጡኝም። ቤት ለማፍረስ በዘመቻ ስጠራቸው አንዱ ወገቤን ይላል፣ አንዱ በሬዬ ገደል ገባ ይላል። የክንዴ አማትማ ዘመቻ በተጠራ ቁጥር ይሞታሉ። እኔም አሰብኩ። የአገራችን ሰው መንግሥት ሲጠራው ይታመማል፤ ደቦ ሲጠራው ግን ከአልጋ ይነሣል።

ገሠሠ፦ ደቦ ተጠርቶ መቅረት ነውር ነው።

ዋሴ፦ በቃ። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆምኩና ለሐሙስ ደቦ ጠርቻለሁ አልኳቸው። ቤት ይፈርሳል፣ እንጨቱም ጣራውም ሜዳ ይወርዳል፣ ጠላው ባለቤቴ የሺወርቅ ዘንድ ይጠመቃል አልኩ። ቀኑንም ከበዓል ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንድም ሰው አልቀርም አለ።

ገሠሠ፦ የማን ቤት እንደሆነ ነገርካቸው?

ዋሴ፦ አልነገርኩም። ለእርስዎ አዝነው እንዳይቀሩ ብዬ ነው። ምንስ መንገር ያስፈልጋል?

ገሠሠ፦ አያስፈልግም። ደቦ ሲጠራ የማን ሥራ እንደሆነ ያው ይታወቃል።

ዋሴ፦ ይታወቃል። ሕፃን አይደሉም።

ገሠሠ፦ እኔም እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ። ገርሞኝ ነበር። ዋሴ ሰው ሆነ አልኩ በልቤ።

ዋሴ፦ [ደስ ብሎት] እንዲህ ነው። እርስዎም ቀስ በቀስ ይነቃሉ። መጥረቢያዎ ግን የት አለ? በሩን ለመንቀል ያስፈልጋል።

ገሠሠ፦ ልኬዋለሁ። አንተ ትናንት፣ ነገ ከቤትዎ እንዳይወጡ ብለህ ትእዛዝ ሰጠኸኝ። ደቦውን በአካል ማገዝ ባልችል ጠዋት ስለቱን አውጥቼ በጎረቤቴ በሀብተ ሚካኤል እጅ ላክሁት። የቀረ ሰው ዕቃውን ይልካል፤ ወጉ እንደዚያ ነው።

ዋሴ፦ በገዛ ቤትዎ ላይ መጥረቢያ ልከው። አያ ገሠሠ፣ እኔ እኮ እርስዎን ቂል አድርጌ የገመትኩት በስሕተት ነው።

ገሠሠ፦ ግድ የለም።

[ከታች፣ ከባሕር ዛፉ ወዲያ የደቦ ዘፈን ይሰማል። አውራጁ ያወጣል፤ ብዙ ወንድ ይቀበላል።]

ዋሴ፦ ይስሙ። ጠላው ሠራ።

ገሠሠ፦ የመጠጥ ዘፈን አይመስልም። የሥራ ዘፈን ነው።

ዋሴ፦ ገና እየጠጡ ነው። ጠጥተው ሲጨርሱ ወደዚህ ይወጣሉ።

[ደረቅ እንጨት ሲሰበር ይሰማል። ቀጥሎ የቆርቆሮ ጩኸት።]

ገሠሠ፦ ይኸስ?

ዋሴ፦ ጭፈራው ሞቆ መደብ ሰብረው ይሆናል። የሺወርቅ ትቆጣቸዋለች።

ገሠሠ፦ አቧራ ተነሣ።

ዋሴ፦ ጂፑ ነው። ጎብኝዎቹ ደረሱ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው፣ ዛሬስ በሰዓቱ መውጣት ነበረባቸው።

[ከባሕር ዛፉ ሥር የሰው ሰልፍ ይወጣል። ሽቅብ አይመጣም፤ ወደ ሜዳው ይወርዳል። በየራሳቸው ላይ የተሸከሙት ነገር በፀሐይ ያብለጨልጫል።]

ገሠሠ፦ ቆርቆሮ ነው የተሸከሙት።

ዋሴ፦ [ዐይኑን በእጁ ጋርዶ] ቆርቆሮ። አያ ገሠሠ፣ ቆርቆሮ ነው። አላልኩዎትም? ከክፍለ ሀገር ይላካል ብዬ ስናገር ሳቁብኝ። ይኸው ጎብኝዎቹ ለመንደሩ ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ሰዎቹም አውቀው እያወረዱላቸው ነው።

ገሠሠ፦ አንዱ ላይ ቀይ ቀለም አለበት።

ዋሴ፦ የመንግሥት መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ነው። የእኔንም ጣራ አንዱን ወገን የቀባሁት እሱን አይቼ ነው።

ገሠሠ፦ ምስማር የገባበትም ነው። ቀዳዳው ይታየኛል።

ዋሴ፦ በዚህ ዕድሜዎ ከዚህ ሆነው ቀዳዳ ያያሉ?

ገሠሠ፦ ብርሃኑ በውስጡ ሲያልፍ ነው የማየው። እንግዲህ መንግሥት አሮጌ ቆርቆሮ ልኮ ይሆናል።

ዋሴ፦ የተሞከረ ነው ማለት ነው። የተሞከረ ይሻላል።

[ከታች ጭብጨባ ይሰማል። ዋሴም ከላይ ሆኖ ያጨበጭባል። ጥቂት ቆይቶ ሚስቱ የሺወርቅ ዳገቱን ትወጣለች። በአንድ እጇ ራዲዮ አቅፋለች፤ በሌላው ብብቷ ሰሌዳ ይዛለች።]

ዋሴ፦ የሺወርቅ፣ ሰዎቹን ትተሽ ምን ልትሠሪ መጣሽ? ራዲዮኑንስ ምን አደረግሽው?

የሺወርቅ፦ ከግድግዳው ጋር እንዳይሄድ ብዬ ነው። [ድንጋይ ላይ ታስቀምጠዋለች።] ደኅና ዋሉ፣ አያ ገሠሠ።

ገሠሠ፦ ደኅና ዋልሽ፣ እመቤቴ። ተቀመጪ፤ ደክሞሻል።

ዋሴ፦ የምን ግድግዳ?

የሺወርቅ፦ የቤታችን ነዋ። ሰዎቹ ጠዋት መጥተው አንድ አንድ ዋንጫ ጠጡ። ክንዴ ባለቤቱስ የታለ አለ። ወደ ላይ ወጥቷል አልኩት። ሀብተ ሚካኤል ቤቱ ሲፈርስ ማየት ከብዶት ነው፣ ወንድ እንዲህ ነው አለና ጣራው ላይ ወጣ። አሁን ከምሰሶው በቀር የቀረ የለም። እሱንም ሲነቅሉ ትቻቸው መጣሁ።

[ዋሴ ወደ ሜዳው፣ ወደሚያብለጨልጨው ሰልፍ ይመለከታል።]

ዋሴ፦ ያ ቆርቆሮ…

የሺወርቅ፦ ቀይ የቀባኸው ነው።

ዋሴ፦ አንቺ ዝም ብለሽ አየሽ?

የሺወርቅ፦ ምን ልበል? እሑድ አንተ ስትጠራ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ሰምቻለሁ። ደቦ ጠርቻለሁ፣ ቤት ይፈርሳል አልክ። ቤት ገብተህም ጠላ ጥመቂ አልከኝ። ጠላው እኛ ቤት፣ ጠሪው አንተ፤ ታዲያ የጎረቤት ቤት ነው ብዬ በምን ልጠርጥር? ለእኔ ሳትነግረኝ ቤቴን ለመንግሥት ሰጠኸው ብዬ እስከ ትናንት አልቅሻለሁ። የተቀየምኩህም ለዚያ ነው። አንተ ወጡ ጨው አነሰው ብዬ የተኮሳተርኩ መስሎህ ነበር።

ገሠሠ፦ ደቦ የሚሠራው ለጠራው ነው፣ ዋሴ። አባትህም ያውቁት ነበር።

ዋሴ፦ ስሕተት ነው ብለሽ ብታስቆሚያቸውስ ኖሮ?

የሺወርቅ፦ ልለው ነበር። አፌን ስከፍት ጂፑ ደረሰ። ወፍራሙ የክፍለ ሀገር ሰውዬ ወርዶ የማን ቤት ነው ብሎ ጠየቀ። የሊቀ መንበሩ ነው አሉት። ባርኔጣውን አወለቀ። ከጎንደር እስከዚህ ስንመጣ ሌላውን አስቀድሞ ራሱን የሚያስቀር ሊቀ መንበር ነው ያየነው፣ ራሱን ያስቀደመ መሪ ግን ይኸ ነው አለ። ፎቶ አስነሣ። እንግዲህ በዚያ መካከል ስሕተት ነው ብል መንደር ምሥረታው ስሕተት ነው ያልኩ ሊመስልብኝ ነው። ራዲዮኑን መሬት አስቀምጬ አጨበጨብኩ።

ዋሴ፦ [ቀስ ብሎ] ራሱን ያስቀደመ አለ?

የሺወርቅ፦ አለ። ጎንደር ተጠርተህ ለሌሎች ሊቀ መናብርት ንግግር ታደርጋለህ። ቤቴን በፈቃዴ እንዴት እንዳፈረስኩ እያልክ።

[ዋሴ ድንጋዩ ላይ፣ ከራዲዮኑ አጠገብ ይቀመጣል።]

ዋሴ፦ ነገ መልሰው ይሥሩልኝ።

ገሠሠ፦ ከቀድሞው ቦታህ ላይ ብትሠራው ራስህን ያስቀደምከው ወደ ኋላ ሊሆን ነው። ሰውየውም ፎቶው አለው። ሜዳው ላይ ለመሥራት ደግሞ ሌላ ደቦ መጥራት ነው፤ እርሻ ስለገባ እስከ ጥቅምት የሚመጣልህ የለም።

ዋሴ፦ እስከ ጥቅምት ሜዳው ላይ ቆርቆሮ ደግፌ ልቀመጥ ነው?

ገሠሠ፦ ውኃ ቅርብ ነው ብለኸኝ ነበር።

[ከሰሜን በኩል ደመና ይጠቁራል።]

ገሠሠ፦ የሺወርቅ፣ ድመታችሁስ?

የሺወርቅ፦ አልሄድም አለች። ክንዴ በአገልግል ይዟት ሊወርድ ሲል ቧጥጣው አመለጠች። ምድጃው የነበረበት ቦታ ላይ ተቀምጣለች።

[ገሠሠ ዋሴን ያየዋል።]

የሺወርቅ፦ ሌላም አለ። ሰውየው ቀጣዩን ቤት አሳዩኝ ብሎ ወደዚህ እየወጣ ነው። ደቦውም ሜዳ ላይ ሸክሙን ሲያወርድ ይከተለዋል፤ ጠላ ተርፏል። ሰውየውን ከባሕር ዛፉ ሥር ሲያለከልክ አልፌው ነው የመጣሁት።

ገሠሠ፦ ልማት ዳገት ይወጣል ማለት ነው።

ዋሴ፦ አያ ገሠሠ፣ አሁን ቀልድ አይደለም።

ገሠሠ፦ አልቀለድኩም። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዛሬ ማታ የምታድረው የት ነው?

[ዋሴ ወደ ሜዳው ያያል። ወደ ደመናው ያያል። ወደ ሚስቱ ያያል፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች።]

ዋሴ፦ አላውቅም።

ገሠሠ፦ እዚህ ብታድር ይኸ ቤት ምን ይባላል?

[ዋሴ ቀና ይላል። ምሰሶውን፣ የሣር ክዳኑን፣ በሩን በተራ ያያል። ጠዋት ከመጣ ወዲህ ቤቱን ገና አሁን ማየቱ ነው።]

ዋሴ፦ ሊቀ መንበሩ የሚያድርበት ሁሉ…

ገሠሠ፦ መመሪያው ግልጽ ነው ብለኸኛል። አንተው ነህ ያስወሰንከው።

[የሺወርቅ ከብብቷ ሰሌዳውን አውጥታ ለባሏ ትሰጠዋለች። ዋሴ ይቀበልና ከበሩ በላይ በራሱ እጅ ይሰቅለዋል። ገሠሠ ተነሥቶ ጣቱን እያስከተለ ያነባል።]

ገሠሠ፦ የገበሬ… ማኅበር… ጽሕፈት… ቤት። በደንብ ተጽፏል። ትንሽ ወደ ግራ ዘመመ፤ አቃናው።

ዋሴ፦ [እያቃናው] አሁን እዚህ ደጅ ቆሜ ለሰውየው ይኸ ቤት አይፈርስም ልለው ነው።

ገሠሠ፦ ድምፅህን ከፍ አድርገህ በለው። ዳገት ሲወጡ ጆሮ ይደፈናል።

የሺወርቅ፦ አያ ገሠሠ፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። መጥረቢያዎን ሲልኩ እሱ ያሰበው የእርስዎን ቤት እንደሆነ ያውቁ ነበር?

ገሠሠ፦ እኔ ደቦ ተጠራሁ፤ ዕቃዬን ላክሁ። ሰው በልቡ ስላሰበው አልተጠየቅሁም።

[የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ድንጋዩ ላይ ያርፋል። የሺወርቅ ራዲዮኑን በነጠላዋ ትሸፍነዋለች። ዋሴ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ጠዋቱን ሙሉ ሲያዝበት የነበረውን ቤት ደፍ አሁን ለመርገጥ አልደፈረም።]

ገሠሠ፦ የዋሻውን ነገር ስነግርህ አንዱን ትቼብህ ነበር። በዚያ ክረምት ከመንደሩ ሳይቃጠል የቀረ አንድ ቤት ነበር፤ የሹም ቤት። እናቴ አበባን አዝላ፣ እኔን በእጇ ይዛ ደጁ ላይ ቆማ ተጣራች። ውስጥ እሳት ይነዳል፤ በስንጥቁ ይታየናል። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ፈርቶ ነው፤ አልከፈተም። እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ መንግሥት አይቻለሁ፤ ብዙ ልማት ተነግሮኛል፤ በስተርጅና ፊደልም ተምሬአለሁ። ከሁሉ ግን ትልቅ ሆኖ በልቤ የቀረው እሱ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ግቡ የሚል ሰው መኖሩ። ይኸን ቤት ሙጭጭ ያልኩትም ለዚያ ነው፤ ግቡ ለማለት ቤት ያስፈልጋል። ግባ፣ ዋሴ። አንቺም ግቢ። መደቡ ላይ ድመቷ ተኝታለች፤ እሷን ሳታስነሡ ወዲያ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ።